መቃብርና ማዕድ በአንድ ቀን

ከኪሊማኒ ተነሥቶ ለዕረፍት አዲስ አበባ የሚገባ ቤተሰብ በቀናት ሀብታም አይደለም። በታኅሣሥ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚገኙት ሁለትና ሦስት ሳምንታት ለአያት ጥየቃ፣ ለሠርግ፣ ለክርስትናና ላመለጠ ለቅሶ ይከፋፈላሉ። ‹‹ልጆቹ አገራቸውን ይወቁ›› ለሚለው ታላቅ ዓላማ የሚተርፈው ብዙውን ጊዜ አንድ ቀን ነው። ናይሮቢ ተወልዶ ስዋሂሊንና እንግሊዝኛን ከአማርኛ አስቀድሞ የተናገረ ልጅ ስለ አባቶቹ አገር የሚይዘው ሥዕል በዚያ አንድ ቀን ላይ ይንጠለጠላል። ስለዚህ የቀኑ አዋዋል እንደ አንድ መጽሐፍ ወይም እንደ አንድ ተውኔት ቢገመገም አይበዛበትም።

ለዚህ ቀን አስጎብኚዎች ካዘጋጇቸው መርሐ ግብሮች አንዱ፣ ጧት የጢያን ትክል ድንጋዮች አሳይቶ ቀትር ላይ ዛሬ ባቱ በምትባለው በዝዋይ የወይን ጠጅ ቅምሻና ምሳ የሚያቀርበው ጉዞ ነው። መኪናው በዓለም ገና በኩል የቡታጅራን መንገድ ይዞ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ መልካ ቁንጥሬ ላይ አዋሽን ይሻገራል፤ ጢያ ላይ ቆም ይልና በቡታጅራ አድርጎ ወደ ስምጥ ሸለቆው ይገባል። ከምሳ በኋላ በሞጆ ዞሮ ሲመሽ አዲስ አበባ ይደርሳል። መንገዱ በካርታ ላይ ሲታይ ያማረ ክብ ነው፤ የሄዱበት አይደገምም፤ በጠቅላላው ወደ 350 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ባለፉት ዓመታት የመንገዱ ሰላም ከወቅት ወቅት ስለሚለያይ ጉዞው ሁልጊዜ የሚሳካ አልሆነም። በተሳካ ጊዜ ግን ተጓዦች ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ፤ የሚያነሡት ፎቶግራፍም ይህንኑ ይመሰክራል። ጥያቄው ደስታው ላይ አይደለም። ጥያቄው በዚያ ቀን ሁለቱ ነገሮች፣ ድንጋዩና ዋንጫው፣ እርስ በርስ ተነጋግረዋል ወይ የሚል ነው።

የጥምረቱ መለኪያ

ጥንታዊ ቦታንና የወይን እርሻ ምሳን በአንድ ቀን ማጣመር ከውጭ የመጣ ልማድ ነው። ከቤይሩት የሚነሣ ጎብኚ በበቃ ሸለቆ የባልቤክን የሮማውያን ቤተ መቅደሶች ያይና፣ ጀስዊት ካህናት እ.ኤ.አ. በ1857 በመሠረቱት በክሳራ የወይን ጠጅ መጥመቂያ ይቀምሳል። ባልቤክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ሳይፈርስ የቆየው ቤተ መቅደስ በወይን አምላክ በባኩስ ስም ይጠራል። እንግዲህ ጎብኚው ጧት በድንጋይ ያየውን ቀትር ላይ በብርጭቆ ያገኘዋል ማለት ነው። በጣሊያንም እንዲሁ ነው፤ በፖምፔይ ፍርስራሽ መካከል ጥንት ወይን ይተከልበት የነበረ መሬት ተጠንቶ ወይን እንደገና ተተክሎበታል። በሁለቱም ስፍራ ምሳው ለጧቱ ጉብኝት ማብራሪያ ሆኖ ያገለግላል።

ለኪሊማኒ ነዋሪ ይበልጥ የሚቀርብ ምሳሌም አለ። ከናይሮቢ በማጋዲ መንገድ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው ኦሎርጌሳይሊ፣ ሉዊስና ሜሪ ሊኪ እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ ያጠኑት የቅድመ ታሪክ ስፍራ ነው። በብዙ መቶ ሺህ ዓመታት የሚቆጠር ዕድሜ ያላቸው የድንጋይ መጥረቢያዎች በተገኙበት መሬት ላይ እንደ ተበተኑ ይታያሉ፤ ጎብኚው በእንጨት መረማመጃ ላይ እየሄደ ቁልቁል ይመለከታቸዋል። ተመላሹ ሁሉ ኪሴሪያን ላይ ወርዶ የፍየል ጥብስ ያዝዛል። ይህን ጥምረት ያቀናበረው የጉዞ ባለሙያ የለም፤ ረኃብ ነው ያቀናበረው። ሆኖም ጥምረቱ ልክ ነው። እነዚያ ድንጋዮች ሥጋ የተበለተባቸው መሣሪያዎች ናቸው፤ በስፍራው የተበለተ የዝሆን አጽምም ከመሣሪያዎቹ ጋር ተገኝቷል። ልጁ ጧት ያየው የድንጋይ ስለት ምን ይሠራ እንደ ነበር፣ ጥብሱ በሳንቃ ላይ ሲከተከት ያለ አስተርጓሚ ይገባዋል።

ከእነዚህ ምሳሌዎች አንድ መለኪያ ማውጣት ይቻላል፤ የአንድ ቀን ጉዞ የሚሠምረው ሁለተኛው ነገር ፊተኛውን ሲተረጉመው ነው። የጢያና የዝዋይ ጉዞ በዚህ መለኪያ ሲታይ ሦስት ጉድለት ይገኝበታል፤ የሰዓት፣ የቃልና የማዕድ።

ሰዓቱ

ሒሳቡን ማስላት ቀላል ነው። መኪናው ከጧቱ 1 ሰዓት ቢነሣ፣ የአዲስ አበባን መውጫ መጨናነቅ ጨምሮ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መልካ ቁንጥሬ የሚደርሰው 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። መልካ ቁንጥሬ እንዲሁ የሚታለፍ ስፍራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 ለሳይንስ ከታወቀ ወዲህ የሰው ልጅ የመሣሪያ አሠራር ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ዓመታት በላይ ወደ ኋላ የሚታይበት ሆኗል፤ በ2024ም ከባልጩት ድንጋይ መገኛው ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይፈልጋል። ከዚያ ወደ ጢያ ሌላ 45 ደቂቃ ሲታከልበት 4 ሰዓት ይሆናል። የምሳው ቀጠሮ 7 ሰዓት ላይ ከሆነና ከጢያ ዝዋይ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ካስፈለገ፣ ለጢያ የቀረው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ብዙ መርሐ ግብሮች በመካከል ከዋናው መንገድ ገባ ብላ የምትገኘውን፣ ከአንድ አለት የተፈለፈለችውን አዳዲ ማርያምን ይጨምራሉ። እርስዋ ስትጨመር የሚቀነሰው ከማን ነው? ከምሳው አይቀነስም፤ ቀጠሮ አለበት። ከመንገዱ አይቀነስም፤ ኪሎ ሜትሩ አይታጠፍም። የሚቀነሰው ዝም ብሎ ከቆመው ነው፤ ከድንጋዩ።

አበው ‹‹ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል›› ይላሉ። ልጆቹ ከመኪና ይወርዳሉ፤ በድንጋዮቹ መካከል ይሮጣሉ፤ አስጎብኚው የተለመደውን ገለጻ ያሰማል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ‹‹ምሳ ይጠብቀናል›› ይባላል። በዝዋይ ግን ሰዓቱ ይለጠጣል። ቅምሻው በዝግታ የሚካሄድ ሥርዓት ነው፤ ከነጩ ወደ ቀዩ ይታለፋል፤ ይሸተታል፤ ይወዘወዛል። አዋቂዎቹ በዚህ ሲጠመዱ የ12 ዓመቱ ልጅ ለስላሳ መጠጡን ጨርሶ ወደ ስልኩ ይመለሳል። ‹‹ልጆቹ አገራቸውን ይወቁ›› ተብሎ የተዘጋጀው ቀን ረጅሙን ጊዜ ልጆቹ ምንም ለማያገኙበት ክፍል ሰጥቷል። ይህን ለማየት የተለየ ጥናት አያስፈልግም፤ የእጅ ሰዓት ይበቃል።

ቃሉ

ሁለተኛው ጉድለት ከሰዓቱ ይልቅ ጥልቅ ነው። በጉብኝት ማስታወቂያዎች ላይ ጢያ ‹‹ጥንታዊ ፍርስራሽ›› ተብሎ ሲቀርብ ይታያል። ቃሉ ከባዕድ ቋንቋ የተተረጎመ ነው፤ በባዕዱ ቋንቋ የቆየ ድንጋይ ሁሉ በአንድ ስም ስለሚጠራ ተርጓሚው ሳይመረምር ወስዶታል። በአማርኛ ግን ‹‹ፍርስራሽ›› ግልጽ ትርጉም አለው፤ ቆሞ የነበረ፣ ሰው የኖረበት፣ በኋላም የፈረሰ ነገር ነው።

እውነተኛ ፍርስራሽ ማየት የሚሻ የናይሮቢ ነዋሪ ወደ ማሊንዲ ቢወርድ ጌዲን ያገኛል። ጌዲ ከዛጎል ድንጋይ የተሠሩ መስጊዶች፣ ቤተ መንግሥትና መኖሪያ ቤቶች የነበሯት የስዋሂሊ ከተማ ናት፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነዋሪዎቿ ጥለዋት ሄደው ጫካ ዋጣት። እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ጄምስ ከርክማን ቆፍሮ አጠናት፤ በ2024ም ከመልካ ቁንጥሬ ጋር በአንድ ጉባኤ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበች። ጌዲ የሚለው መጠሪያ በኦሮምኛ ‹የከበረ› ማለት እንደሆነ፣ የከተማዪቱ የቀድሞ ስምም ‹ኪሊማኒ› እንደ ነበር ይነገራል። ኪሊማኒ በስዋሂሊ ‹በኮረብታው ላይ› ማለት ነውና ስሙ በብዙ ስፍራ መገኘቱ አያስደንቅም። ሆኖም በያያ ሴንተር አካባቢ የሚኖር ኢትዮጵያዊ የሰፈሩ ስም የአንዲት የጠፋች ከተማም ስም እንደ ነበር ሲሰማ ፍርስራሽ ምን ማለት እንደሆነ በቅርብ ይገባዋል። በጌዲ ግድግዳው ወድቋል፤ ጣሪያው የለም፤ ኑሮው ተቋርጧል።

ጢያ እንዲህ አይደለም። ከተማ አልነበረምና ከተማነቱ አልፈረሰም። ጥቂት ድንጋዮች ተሰብረዋል፤ የወደቁና እንደገና የቆሙም አሉ። ስፍራው ግን ዛሬም በተሠራለት ዓላማ ላይ ነው፤ መቃብር ነው። የሞተን ሰው ቦታ ለማመልከት የተተከለ ድንጋይ የሞተውን ሰው ቦታ እያመለከተ ቆሟል። አማርኛ ለዚህ ከበቂ በላይ ቃላት አሉት፤ ትክል ድንጋይ፣ መካነ መቃብር፣ የመቃብር ሐውልት። ፍርስራሽ ለማየት የሄደ ሰው በጠጠር ላይ እንደሚራመድ ይራመዳል፤ ወደ መቃብር የሄደ ሰው ግን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ልጁንም ‹‹አትሩጥ›› ይለዋል። አንድ የተሳሳተ ቃል የመላውን ጧት አረማመድ ይለውጣል ማለት ነው።

ድንጋዮቹ የሚነግሩትም በዚህ መንፈስ ሲቀርቧቸው ነው። ጢያ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ 36 ትክል ድንጋዮች ተቆጥረዋል፤ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ሰይፍ ነው፤ ባንዱ ድንጋይ ላይ ጥቂት፣ በሌላው ላይ ብዙ ሰይፎች ተደርድረዋል። ክብ ምልክቶች አሉ፤ የተክል ቅጠል የሚመስል ቅርጽም አለ፤ ይህን እንሰት ነው የሚሉ አሉ። የሰይፉ ቁጥር ሟቹ የጣላቸውን ጠላቶች ያመለክታል የሚለው አባባል በጉብኝት ገለጻዎች ውስጥ የተለመደ ነው፤ ይሁንና ከአብዛኞቹ ምልክቶች ጋር አልተፈታም። ፈረንሳዊው የቅድመ ታሪክ ተመራማሪ ሮዤ ዡሶም መርቶት የተካሄደው ቁፋሮ ከድንጋዮቹ ሥር መቃብሮችን አግኝቷል፤ ከ12ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን የሚመደቡ ናቸው። በውስጣቸው እንደ ፅንስ ተጣጥፈው ከተቀበሩት መካከል ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 የሚገመት ወንዶችና ሴቶች ይገኛሉ።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ አስጎብኚው ቸኩሎ የሚያልፈው ነው፤ ከናይሮቢ የመጣ ጎረምሳ ልብ ላይ ሊያርፍ የሚችለውም እርሱው ነው። ድንጋይ ተጠርቦ፣ ተጎትቶ፣ ተቀርጾ የተተከለላቸው ከታላቅ ወንድሙ ወይም ከታላቅ እኅቱ ዕድሜ ያልራቁ ነበሩ። ያን ያህል ድካም የተደከመላቸው በምን ምክንያት ነው? ምን ደረሰባቸው? ጽሑፍ አልተዉም። አካባቢው ድንጋዮቹን በዘልማድ ‹‹የግራኝ ድንጋይ›› ሲል ቆይቷል፤ ኢማም አሕመድ ግን በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩ ናቸው፤ ድንጋዮቹ ቢያንስ ከመቶ ዓመት በላይ ይቀድሟቸዋል። ሰሜን እስከ ደቡብ ማን እንደ ሠራው ያልታወቀ ትልቅ ሥራ ሁሉ ለአንድ ትልቅ ስም ይሰጣል፤ ይህን ለልጅ ማስረዳት ስለ ታሪክ አነጋገር አንድ ሙሉ ትምህርት ነው። ለዚህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት አይበቃም።

ዋንጫው

እስካሁን የተባለውን ያነበበ ሰው ነቀፋው ወይኑ ላይ እንደሆነ ሊገምት ይችላል። እንዲያ አይደለም። የዝዋዩ የወይን እርሻ ለመታየት የሚገባው ነው። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ከአገሩ ባመጣቸው ችግኞች በሐይቁ አቅራቢያ ባለው አሸዋማ መሬት ላይ አለማው፤ የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች በ2014 ለገበያ አቀረበ፤ ‹ሪፍት ቫሊ› እና ‹አካሺያ› የሚሉ ስሞችም ሰጣቸው። ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የሚባሉት የወይን ዘሮች ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከምድር ወገብ ብዙ ሳይርቁ መብቀላቸው ራሱ ወሬ ነው። ተክሉን በሚያስተኛ የአውሮፓ ዓይነት ክረምት በሌለበት አገር ወይን የሚታረፈውና የሚያፈራው በመግረዝ ታዝዞ ነው። በእርሻው ዙሪያ የተቆፈረው ቦይ ደግሞ ከሐይቁ የሚወጣውን ጉማሬና ዘንዶውን ለመከላከል ነው። ይህን የሰማ ልጅ ከቅምሻው ይልቅ ቦዩን ለማየት ይጓጓል፤ ጉጉቱም ትክክል ነው።

በኢትዮጵያ ወይን ጠጅ ባዕድ ነው ማለትም አይቻልም። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የግሪክ ነጋዴ የባሕር ጉዞ መመሪያ ወደ አዱሊስ ከሚገቡ ዕቃዎች መካከል ከጣሊያንና ከሎዶቅያ የሚመጣ ወይን ይቆጥራል፤ ብዛቱ ግን ጥቂት እንደ ነበር ያክላል። በቤተ ክርስቲያን ለቅዱስ ቁርባን የሚዘጋጀው ከዘቢብ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ‹ጉደር›ን እና ‹አክሱማይት›ን በየሠርጉና በየግብዣው ጠረጴዛ አድርሷል። በኪሊማኒ የሚኖሩ በዕድሜ የገፉ ኢትዮጵያውያን ጉደርን ሲያነሡ አንደበታቸው የሚለሰልሰው በጣዕሙ ይሁን በትዝታው ለመለየት ያስቸግራል።

ከሁሉ በላይ የሚያስገርመው ግን ትክል ድንጋይንና የወይን ዋንጫን ያጣመረ ኢትዮጵያዊ እጅ ከአስጎብኚ ድርጅቶች በአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመታት የቀደመ መሆኑ ነው። በአክሱም ሳይወድቅ የቆየው፣ ከ20 ሜትር በላይ የሚረዝመው ሐውልት በእግሩ ሥር የተነጠፈ የድንጋይ ጠፍጣፋ አለው፤ በጠፍጣፋው ላይ የግሪኮችን የወይን ዋንጫ የሚመስሉ ጎድጓዳ ቅርጾች ተፈልፍለዋል። ተመራማሪዎች ለሙታን የሚቀርብ መሥዋዕት የሚፈስስባቸው እንደ ነበሩ ያስባሉ። በሌላ ሐውልት ግርጌም በጠፍጣፋው ጠርዝ ዙሪያ የወይን ሐረግ ተቀርጿል። እንግዲህ ድንጋይ ለሟቹ ማቆምና ከድንጋዩ ሥር ዋንጫ ማኖር በዚያች ምድር የታወቀ ሥርዓት ነበረ። የአክሱምና የጢያ ሰዎች ዘመናቸውም አገራቸውም የተራራቀ ነውና አንዱን በሌላው መፍታት አይገባም። ሆኖም ጥምረቱ ራሱ በኢትዮጵያ ምድር ረጅም ታሪክ እንዳለው ያሳያል።

ይህ ነው የዝዋዩን ምሳ አሳዛኝ የሚያደርገው። ቁልፉ በእጁ ሳለ በሩን አልከፈተውም። በጠረጴዛው ዙሪያ ስለ ሲራ ዘርና ስለ በርሜሉ እንጨት ይነገራል፤ ጧት ስለታየው መቃብር አንድ ቃል አይነሣም። ድንጋዩ የጧት ግዴታ፣ ወይኑ የቀትር ሽልማት ይሆናሉ። ‹‹ታሪክ ተምረናል፣ አሁን እንዝናና›› የሚል ያልተነገረ አረፍተ ነገር በመካከላቸው ይቆማል፤ ልጁ ከቀኑ ሁሉ አጥርቶ የሚይዘውም ይህንኑ አረፍተ ነገር ነው።

ማዕዱ

ኢትዮጵያዊ ከመቃብር ተመልሶ መብላትና መጠጣትን የሚማርበት የውጭ አገር መርሐ ግብር አያስፈልገውም። ተዝካር አለው። በአርባው፣ በሰማንያው፣ በሙት ዓመቱ ጠላው ይጠመቃል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ካህኑም ጎረቤቱም ድሃውም ይበላል፤ ‹‹ነፍስ ይማር›› ይባላል። ይህ ሥርዓት ከሰው ጋር ተሰድዶ ናይሮቢ ገብቷል፤ በኪሊማኒ አፓርታማዎች ውስጥ በኤሌክትሪክ ምጣድ በተጋገረ እንጀራ አርባ ይወጣል፤ ከሩቅ የተቀበረ ዘመድ ይዘከራል። ልጆቹ ይህን ያውቁታል። የማያውቁት ጧት ያዩት ድንጋይና በሳሎናቸው ያዩት ድግስ ዘመዳሞች መሆናቸውን ነው፤ የሚነግራቸው አላገኙምና።

በተዝካርና በጉዞው ምሳ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ነው። ተዝካር የሞተውን ሰው በስሙ ያነሣል፤ የጉዞው ምሳ ሟቾቹን ረስቶ ይበላል። ተዝካር የሟቹን ጎረቤቶች ያበላል፤ የጉዞው ምሳ ግን ከጢያ 95 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከድንጋዮቹ ጎረቤቶች አንዱም በሌለበት ይበላል። ቤተሰቡ በዚያ ቀን ከሚያወጣው ገንዘብ ትልቁ ክፍል የሚወጣው በማዕዱ ላይ ነው፤ ማዕዱም በጢያ አይደለም። ድንጋዮቹን የሚጠብቀው የሶዶ ሰው ለእንግዶቹ የመኪና አቧራ ያተርፋል።

የሚያስቆጨው በመንገዱ ላይ፣ በጢያና በዝዋይ መካከል፣ ቡታጅራ መኖሯ ነው። ይህ የጉራጌ አገር ነው፤ የእንሰት፣ የቆጮና የክትፎ አገር። በሸክላ ጣባ የቀረበ ክትፎ፣ ትኩስ ቆጮ፣ አይብና ጎመን፣ ለጾመኛ ደግሞ የጎመን ክትፎ የሚገኝበት ምድር በመስኮት እየታየ ይታለፋል፤ ምክንያቱም ወደ ፊት የተከፈለበት ምሳ አለ። በድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ቅጠል እንሰት ነው የሚሉ ሰዎች ልክ ይሁኑም አይሁኑ፣ ጧት ስለ እንሰት ክርክር የሰማ ልጅ ቀትር ላይ በኮባ ላይ የቀረበ ቆጮ ቢበላ ኖሮ የራሱ አስተያየት ይኖረው ነበር። የኪሴሪያን ፍየል ለኦሎርጌሳይሊ የሚሠራውን የቡታጅራ ቆጮ ለጢያ ይሠራ ነበር።

ለጉዞው የሚቆም ክርክር

ጉዞውን የሚደግፍ ሰው የሚያቀርበው ክርክር ቀላል አይደለም። ‹‹ወይኑ ባይኖር ብዙው ቤተሰብ ጢያን ጭራሽ አያይም ነበር፤ ሶደሬ ወይም ደብረ ዘይት ዋኝቶ ይመለስ ነበር›› ይላል። ይህ እውነት ነው። አዋቂዎችም በዓመት አንድ ጊዜ ወንበር ተስቦላቸው፣ ሐይቅ እያዩ፣ ከአገር አፈር የወጣ ወይን ቢጠጡ የሚያስወቅሳቸው ነገር የለም። በናይሮቢ ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ የደቡብ አፍሪካን ጠርሙስ ብቻ ሲያይ የከረመ ሰው በዝዋይ መኩራቱም ተገቢ ነው።

ነገር ግን ክርክሩ የሚያጸድቀው ጥምረቱ መኖሩን እንጂ አሁን የተሠራበትን መንገድ አይደለም። ማባበያ ሆኖ የገባው ወይን ባለቤት ሆኖ ጢያን እንግዳ አድርጎታል። የሚበጀውም ጉዞውን መሰረዝ ሳይሆን ማቃናት ነው። አዳዲ ማርያምና መልካ ቁንጥሬ የራሳቸውን ቀን ቢያገኙ ጢያ ሁለት ሙሉ ሰዓት ታገኛለች። ‹‹ፍርስራሽ›› የሚለው ቃል ከማስታወቂያው ወጥቶ ‹‹መካነ መቃብር›› ቢገባበት ተጓዡ ገና ከቤቱ ሳይወጣ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ምሳው ቡታጅራ ቢበላ ድንጋዮቹ ባለበት አገር ማዕድ ላይ ይበላል። ዝዋይ ደግሞ በአመሻሽ፣ ለአንድ ብርጭቆና ለሐይቁ እይታ ይበቃታል፤ ልጆቹም የጉማሬውን ቦይ አይተው፣ በሐይቁ ላይ ያሉትን ደሴቶች ከሩቅ እየጠቆሙ፣ በቱሉ ጉዶ ስላለው ጥንታዊ ገዳምና ስለ ዛይ ሕዝብ ሊጠይቁ ይችላሉ። ሾፌሩ ብቻ እንደ ወትሮው ውኃውን ይጠጣል።

ከዚህ ሁሉ ምንም ማስተካከል ያልቻለ ቤተሰብ እንኳ አንድ ነገር ማድረግ ይችላል፤ ሰዓትም ገንዘብም አይፈልግም። ዋንጫው ከመነሣቱ በፊት በጠረጴዛው ላይ ያለ አንድ አዋቂ ጧት ከድንጋዩ ሥር ስላሉት ወጣቶች ‹‹ነፍስ ይማር›› ይበል። ልጁ ‹‹ለማን ነው?›› ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ መልሱም እስከ ሞጆ፣ ምናልባትም እስከ ናይሮቢ ያወያያል።